ከሰይድ ኋላ የነበረው ካርድ

ባለፈው ወር ከውጫሌ ስልክ ተደወለልኝና ሰይድ ማረፉን ሰማሁ። ሰማንያን የተሻገረ ሰው ነው። ብዙም ሳይታመም፣ በገዛ አልጋው ላይ፣ ቤተሰቡ ከቦት ነው የሞተው። ቀብሩ ላይ አልደረስኩም። በማግሥቱ ግን ከሐይቅ መናኸሪያ ሚኒባስ ተሳፍሬ ለቅሶ ልደርስ ወረድኩ። ድንኳኑ የተተከለው የሰይድ ወፍጮ ቤት ደጃፍ ላይ ነበር። ጥግ ይዤ ተቀመጥኩና ሰዉን ሳይ ቆየሁ። ልጆች አሉ፣ የልጅ ልጆች አሉ፣ ምንጣፉ ላይ የሚድሁ የልጅ ልጅ ልጆችም አሉ። ሳላስበው መቁጠር ጀምሬ ነበር፤ ሠላሳ ሊሞላ ሲል አቆምኩ።

ሻሽ ያሰረች ጠና ያለች ሴት መጥታ ፊቴ ተንበረከከች። እጄን ይዛ ሳመችው።

«ጋሼ ታደሰ፣ እኔ ሐዋ ነኝ» አለችኝ። «የዚያን ጊዜዋ ጨቅላ። አባታችን ዱዓ ባደረገ ቁጥር ስምዎን ሳያነሳ አይቀርም ነበር። እሱ ባይኖር እናንተ ተበትናችሁ ትቀሩ ነበር ይለናል። አላህ ዕድሜዎን ያርዝመው።»

አሜን ማለት አቃተኝ። እጄን ቀስ ብዬ ሳብኩ። ያ እጅ የጻፈውን ሁሉ ብታውቅ ትስመው ነበር ወይ እያልኩ ነው ሐይቅ የተመለስኩት።

ያኔ፣ የዛሬ አርባ ዓመት ገደማ፣ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። የተጠባባቂ አየር ዕዝ በሚባል መሥሪያ ቤት የመዝገብ ክፍል ጸሐፊ ነበርኩ። ስሙን የሰማ ሰው አውሮፕላን የሞላው ይመስለዋል። አንድም አልነበረውም። የነበረው በአየር ኃይሉ ማረፊያ ሜዳ ጫፍ ላይ የቆመ ረጅም የቆርቆሮ አዳራሽ፣ በአዳራሹ ውስጥ የብረት ሣጥኖች፣ በሣጥኖቹ ውስጥ ደግሞ ሰዎች ነበሩ። ሰዎች ስል ካርዶች ማለቴ ነው። እኛ ግን ሰዎች ነበር የምንላቸው። «እስቲ ሦስት የሞተር ሰዎች አውጣልኝ» ስንባል ሄደን ከሣጥን እናወጣ ነበር።

አለቃችን ሻለቃው የቀድሞ በራሪ ነበሩ፤ አንድ እግራቸውን ያነክሳሉ። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ቆርቆሮውን አግላው ሥራ እንቢ ሲለን፣ የዕዙን ታሪክ እንደ ተረት ያወሩልን ነበር። «ሲጀመር አንዲት መሳቢያ ነበረች» ይላሉ። አገልግሎቱን ጨርሶ የሚሰናበት ሰው አድራሻውን ጽፎ ይሰጣል፤ ወረቀቱ እዚያች መሳቢያ ውስጥ ይጣላል፤ የሚያነበው የለም። አንድ ክረምት ግን ሞተር የሚያውቅ ሰው ጠፍቶ አውሮፕላኖቹ ሜዳ ላይ ሲቆሙ፣ አንድ መኮንን መሳቢያዋን ጠረጴዛ ላይ ገልብጦ ስም መጥራት ጀመረ። መሳቢያዋ ቁም ሣጥን ሆነች። ቁም ሣጥኑ ክፍል ሆነ። የሰሜኑ ጦርነት ሲከፋ ደግሞ ክፍሉ የራሱ አዛዥና የራሱ ማኅተም ያለው ዕዝ ሆኖ አረፈው።

አደረጃጀቱ ቀላል ነበር፤ ቀላልነቱ ነው እስከ ዛሬ የሚያስፈራኝ። ሰዎቹ በሙያ ይከፈላሉ፦ በራሪ፣ የሞተር ጥገና፣ የመሣሪያ ጥገና፣ መገናኛ። በየሙያው ለአንድ የሥራ ቦታ ሦስት ካርድ አንዱ ከአንዱ ኋላ ይቆማል። ቦታው ሲጎድል ፊት ያለው ይጠራል። እሱ ከሞተ፣ ከታመመ ወይም ካልተገኘ፣ ማንም ሳይጠየቅ፣ ከኋላው ያለው ይወጣል። ካርዱ ላይ የሚሰፍረው ስም፣ የሚያውቀው የአውሮፕላን ዓይነት፣ አገር፣ የቤተሰብ ሁኔታ ነው። ጽሕፈቴ ያምር ስለነበር ካርዶቹን የምጽፈው እኔ ነበርኩ።

በኅዳር ወር አንድ ጠዋት ሻለቃው ጠሩኝና ፖስታ ሰጡኝ። በጭነት አውሮፕላን ላይ አብሮ የሚበር የሞተር ባለሙያ ጎድሎ ነበር። ፊት የቆመው ካርድ ሰይድ ነው፤ አገሩ አምባሰል።

«አገርህ ነው፤ መንገድ መጠየቅ አያስፈልግህም» አሉኝ። «ካገኘኸው ይፈርማል። ካጣኸው የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር አልተገኘም ብሎ ማኅተም ያሳርፍልሃል። ከሁለት አንዱን ይዘህ ተመለስ።»

ደስ ብሎኝ ነበር፤ አልዋሽም። አገሬን ካየሁ ዓመት አልፎኝ ነበር። ሐይቅ አንድ ቀን አድሬ፣ የተጠበሰ ዓሣ እስኪበቃኝ በልቼ፣ በማግሥቱ በጭነት መኪና ወደ ውጫሌ አቀናሁ። ማሽላው ደርሶ ነበር። መንገዱ ዳር ሴቶች እሸቱን በፍም እየጠበሱ ይሸጣሉ፤ ሽታው ከመኪናው አቧራ ጋር ተቀላቅሎ ይገባል። ረዳቱ ጥንቅሽ ገምሶ ሰጠኝና እያኘክሁ ሄድኩ። በግራ በኩል የአምባሰል ገደል ከደመና በላይ ወጥቶ ቆሟል። ያንን ገደል እያየ ያደገ ሰው ነው የአምባሰልን ቅኝት ያወጣው ሲባል አሁንም አምናለሁ፤ ዜማው እንደ ገደሉ ሲወርድ ሲወርድ ቆይቶ ድንገት ያቆማል።

የሰይድ ወፍጮ ቤት ከመንገዱ ዳር ስለነበር ለመድረስ ማንንም አልጠየቅሁም። በሩ ላይ ስደርስ ግን እግሬ ቆመ። ሰውየው ወፍጮው አፍ ላይ ቆሞ ማሽላ ያስገባል፤ ጀርባው ላይ በፎጣ የታዘለች ጨቅላ አለች። ሰውም ሕፃንም ዱቄት በዱቄት ሆነዋል፤ የልጅቱ ሽፋሽፍት ሳይቀር ነጭቷል። ሁለት ትንንሽ ሴት ልጆች ከረጢት ላይ ተቀምጠው ቂጣ በወተት ይበላሉ። ሞተሩ ድምፁን ትንሽ ሲለውጥ ሰይድ አንገቱን ወደዚያ ዘንበል አድርጎ አዳመጠና አንዲት ነገር በጣቱ ነካ አደረገ፤ ወዲያው ተስተካከለ። ካርዱ ላይ «እጅግ ጥሩ ባለሙያ» ብዬ የጻፍኩት ትዝ አለኝ።

«አያ ሰይድ፣ ይህ የእርስዎ ነው» ብዬ ፖስታውን ሰጠሁት። ሞተሩን አጠፋ። አነበበ። አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተው።

«መቼ ነው የምንሄደው?» አለኝ።

መልስ ሳልሰጠው እናቱ ከጓዳ በትር እየደገፉ ወጡ። ዓይናቸው አያይም፤ ድምፄን ተከትለው መጥተው ክንዴን ያዙ።

«አነጋገርህ የሐይቅ ልጅ ነው። ወንድምዓለም፣ የዚች ጨቅላ እናት ከሞተች ገና አርባዋ አልወጣ። በፍየል ወተት ነው የያዝናት። እኔን እንደምታየኝ ነኝ። ልጄ ሲሄድ ማን ላይ ይጣላቸው? እንደው በአላህ፣ አላገኘሁትም በል።»

«እናቴ፣ ተይው» አለ ሰይድ። «ልጁን ጣጣ ውስጥ አታግቢው። የታዘዘውን ነው የሚሠራ።»

ጨቅላዋ ጀርባው ላይ ማልቀስ ጀመረች፤ እንዳዘላት ወገቡን ወዲህና ወዲያ እያወዛወዘ ሊያባብላት ሞከረ። ወንድ ልጅ እንደዚያ አድርጎ ሕፃን ሲያባብል አይቼ አላውቅም ነበር።

እዚህ ላይ እውነቱን ልጻፍ። ለአርባ ዓመት ያህል ለራሴ ስነግረው የኖርኩት፣ በዚያች ደቂቃ የማስበው ስለ ሕፃኗ ብቻ እንደነበር ነው። ከሰይድ ኋላ ማን እንደቆመ ትዝ አላለኝም እያልኩ ነው የኖርኩት። ውሸት ነው። አውቅ ነበር። ካርዱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ጌታቸው ነበር፤ የሐይቅ ልጅ፣ ትምህርቴን ስጨርስ እጄን ይዞ ያንን መሥሪያ ቤት ያስገባኝ፣ አገልግሎቱን ጨርሶ ሐይቅ ዳር ዓሣ እያጠመደ ከእህቱ ጋር የሚኖር ሰው። የቤተሰብ ሁኔታ በሚለው ቦታ ላይ በዚያ በሚያምር ጽሕፈቴ «ያላገባ» ብዬለታለሁ። ወፍጮ ቤቱ ውስጥ ቆሜ ያቺን አንዲት ቃል ከሦስት ልጆች ጋር መዘንኳት።

ሊቀ መንበሩ ጋ ስንሄድ ሽማግሌው ወረቀቱን አዩ፣ ሰይድን አዩ፣ እኔን አዩ።

«አንተ አግኝተኸዋል?» አሉኝ።

«አላገኘሁትም» አልኩ፣ ሰይድ አጠገቤ ቆሞ።

«እንግዲያ እኔም አላየሁት» ብለው ማኅተሙን አሳረፉ።

ሰይድ መንገድ ድረስ ሸኘኝ። መኪና ስሳፈር «አብሽር» አለኝና ትከሻዬን ያዝ አደረገኝ። ነገሩ ቢታወቅ እሱንም እኔንም የሚጠብቀንን ሁለታችንም እናውቅ ነበር።

ሻለቃው ወረቀቱን አዩ። የሰይድን ካርድ አንስተው ከኋላ አስገቡ፤ ቀጣዩን አወጡ። ጥሪው በደሴ በኩል በሬዲዮ ተላለፈ። በሳምንቱ ጌታቸው ራሱ መስኮቴ ላይ ቆመ፤ ከእህቱ የተላከልኝን ቆሎ ይዞ ይስቃል። ከመረብና ከጀልባ ለጥቂት ጊዜ በመላቀቁ ደስ ያለው መስሎ ነበር። መምጣቱን መዝግቤ ማኅተም መታሁለት። ቆሎውንም ከእጁ ተቀበልኩ።

ሦስት ጊዜ ወደ ሰሜን በርሮ ተመለሰ። በአራተኛው በረራ ጠዋት ክበብ ውስጥ አብረን ቁርስ በላን። ሻዩ ውስጥ ሦስት ማንኪያ ስኳር አድርጎ፣ ትኩስ ዳቦ እየቆረሰ ይነክራል። ውጭ ብርድ ነበር፤ ሜዳው ላይ ጤዛው ነጭ ሆኖ ተኝቷል።

«ሰይድን አጣኸው አሉ» አለኝ ድንገት።

«አጣሁት።»

«ወፍጮ ቤቱ መንገድ ዳር አይደል እንዴ?»

 ብርጭቆዬን ማየት ጀመርኩ። ጌታቸው ሳቀ፤ የንዴት ሳቅ አልነበረም።

«ግድ የለም፣ ወንድምዓለም» አለኝ። «እሱ ልጆች አሉት።»

ከዚያ የቀረውን ዳቦ አፉ ውስጥ አድርጎ፣ እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ ወጣ። አውሮፕላኑ ሲነሳ በአዳራሹ መስኮት አየሁት። የት እንደወደቀ እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። አራት ሰዎች ነበሩበት። ከሰዓት በኋላ ስንጠብቅ፣ ሲመሽ ስንጠብቅ ቆየን፤ በሦስተኛው ቀን ሻለቃው የጌታቸውን ካርድ አምጥተው ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩ። «አልተመለሰም» ብዬ ጻፍኩበት። ለእህቱ የሚላከውን ደብዳቤም በታይፕ የመታሁት እኔው ነበርኩ። በዚያ ቦታ ቀጥሎ የቆመው ሦስተኛው ካርድ ነበር፤ እሱንም አወጣን። ሥራው አልቆመም።

አገልግሎቴን ጨርሼ ሐይቅ ገባሁ፤ ትምህርት ቤት ጽሕፈት ቤት ውስጥ ሠርቼ ጡረታ ወጣሁ፤ አገባሁ፣ ወለድኩ። ሌሊት አልቃዥም። የሚመጣብኝ በጠራራ ፀሐይ ነው፤ ሰው ዳቦ ሻይ ውስጥ ሲነክር ሳይ፣ ወይም ፎርም ስሞላ የቤተሰብ ሁኔታ የሚለው መስመር ላይ ስደርስ። ብዕሩን አስቀምጬ ትንሽ እቆያለሁ።

ከሰይድ ለቅሶ በተመለስኩ በሦስተኛው ቀን ወደ ዘነቡ ቤት ሄድኩ። የጌታቸው ታላቅ እህት ነች፤ እናታቸው ከሞተች በኋላ ያሳደገችው እሷ ነች። ጎረቤት ልንባል የምንችል ሰዎች ሆነን ደጇን ረግጬ አላውቅም ነበር። ፀሐይ ላይ በርበሬ አስጥታ ትለቅማለች። መቀመጫ በእጇ አሳየችኝ።

«እትዬ ዘነቡ» አልኩ፤ ንግግሬን መንገድ ላይ አዘጋጅቼው ነበር፣ ጠፋኝ። «ያኔ ሰይድን አግኝቼው ነበር። ወረቀቱ ላይ ግን አልተገኘም ብዬ ማኅተም አስመታሁ። ጌታቸው የሄደው በዚያ ምክንያት ነው።»

መልቀሟን አላቆመችም።

«አውቃለሁ» አለች። «ጌታቸው በቀረ በዓመቱ ሰይድ በእሱ ፈንታ ማን እንደተጠራ ሰምቶ ራሱ መጥቶ፣ እዚያው አንተ የተቀመጥክበት ላይ ተቀምጦ እያለቀሰ ነገረኝ። ከዚያ ወዲህ መኸር በገባ ቁጥር ሳይጠይቀኝ ቀርቶ አያውቅም። የምጠብቀው አንተን ነበር። አንተ ግን እኔን ስታይ መንገድ ትቀይራለህ።»

 እሷ አንዲት የበሰበሰች በርበሬ ወደ ጎን ጣለች።

«በመጨረሻ ያየኸው አንተ ነህ አሉ» አለች። «ያን ጠዋት ምን በልቶ ነበር?»

ነገርኳት። ስለ ዳቦው፣ ስለ ሦስቱ ማንኪያ ስኳር ነገርኳት። ስኳሩ ላይ ስደርስ ሳቀች፤ ከልጅነቱ እንዲሁ ነበር አለች፣ ከዚያም በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን ሸፈነች። እንደገና ንገረኝ አለችኝ። እንደገና ነገርኳት። ይህን ሁሉ ዘመን ጎረቤቷ ሆኜ ያን ጠዋት እንደነፈግኳት የገባኝ ያኔ ነው።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ እሄዳለሁ። ይቅር ትበለኝ አትበለኝ አላውቅም፤ ቃሉ በመሀላችን ተነስቶ አያውቅም። ከሰይድ ኋላ የቆመው የማን ካርድ እንደነበር ያኔ አውቅ ነበር ወይ ብላ ግን አልጠየቀችኝም፤ እኔም አልነገርኳትም። ባለፈው ቅዳሜ ልነግራት ቆርጬ ሄጄ ነበር። አፌን ስከፍት ቀና ብላ አየችኝ።

«ጫማውስ?» አለችኝ። «ከዚህ ሲሄድ ይጠበው ነበር። ለወጡለት?»

ስለ ጫማው ምንም አላስታውስም።

«ለውጠውለታል» አልኳት።