ፊቱን ወደ ሱቁ ያዞረው አንበሳ

እኔ ተከራይቼ በምኖርበት ግቢ ውስጥ አንበሳ ይሠራል። አልቀለድኩም። በር ላይ የሚቀመጥ የሲሚንቶ አንበሳ፣ አጥር ላይ የሚቆም ንስር፣ የአበባ መትከያ፣ ሁሉንም የምትሠራው ከእኔ ክፍል ቀጥሎ ያለችው ጎረቤቴ ናት። ልጆች «እትዬ አንበሴ» ይሏታል፤ እኛም ከልጆች ለመድን። ፌሮ ታጥፋለች፣ በሽቦ ታስራለች፣ አሸዋ ትነፋለች፣ ሲሚንቶ ለውሳ በእጇ ትለጥፋለች። ሲያልቅ ደግሞ ፀሐይ እንዳይሰነጥቀው እርጥብ ጆንያ ታለብሰዋለች። ከሥራ ስመለስ ጆንያ የለበሰ አንበሳ ግቢው መሃል ተኝቶ ካየሁ ልጄን «እሽ! ታሟል፣ አትነካኪው» እላታለሁ።

እትዬ አንበሴ ሳቂታ ናት። ጨዋታዋ ግቢ ሙሉ ነው። የእናቷ ነገር ሲነሳ ግን ሌላ ሰው ትሆናለች።

እናቷ እግሯን ትታመም ነበር። ለክትትል ሐኪም ቤት የምትሄደው ከዋናው መንገድ አውቶቡስ ይዛ ነው። ፌርማታው ላይ ምሰሶ እንጂ መቀመጫ አልነበረም። ስለዚህ አሮጊቷ አውቶቡሱ እስኪመጣ ከጀርባው ካለው የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ መስኮት ሥር፣ ከሲሚንቶ በተሠራችው መደብ ላይ አረፍ ትል ነበር። የሱቁ ባለቤት በሪዙ የሚኮራ ሰው ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ «ሪዛሙ» ነው የሚለው። መስኮቴን ትጋርዱብኛላችሁ እያለ የተቀመጠውን ሁሉ ያስነሳል። ማስነሳቱ ሲሰለቸው ጫፋቸው የሾለ ብረቶች አሠርቶ መደቧ ላይ ደርድሮ አስተከለ።

አሮጊቷ ዓይኗ ደከም ብሎ ነበር። እንደ ልማዷ ተቀመጠች።

ቁስሉስ ዳነ። እሷ ግን ከዚያ ወዲህ ከቤት አልወጣ አለች። «ቆሜ የምጠብቅበት ጉልበት የለኝም። በዚህ ዕድሜዬ ደግሞ ሰው ፊት ልብሴ ደም ነክቶት ልታይ?» አለች። ክትትሉ ቀረ። እግሯ እየባሰ ሄደ፤ ዓመት ሳይሞላ ሞተች።

«ገደላት» ትላለች እትዬ አንበሴ፣ ሲሚንቶውን በጥፊ እየመታች።

«ኧረ እትዬ፣ እንዲህ አይባልም። ሰውየው መች አስቦ…»

«አንቺ ምን አለብሽ፤ እናትሽ ጠዋት ጠዋት ደውላ ትቀሰቅስሻለች።»

ልጄን አንስቼ ወደ ክፍሌ እገባለሁ።

አንድ ቀን የትራንስፖርት ቢሮው ማስታወቂያ አስነገረ። ፌርማታዎች ላይ አንድ ዓይነት የብረት ወንበር ከሚደረደር፣ ለእያንዳንዱ ፌርማታ አንድ አርቲስት የራሱን አግዳሚ ወንበር ይሥራ፤ ባለሙያዎች ተወዳደሩ ይላል። ሥራ ታገኝ ብዬ እየሮጥኩ ሄጄ ነገርኳት። አሸዋ እያጠበች ነበር።

«እኔ ምኔ አርቲስት ነው? ሲሚንቶ አቡኪ ነኝ።»

«ባይሆን ስምሽ ይወጣል እኮ! አንዱ አይቶ ለግቢዬ ይላል፣ ሌላው ለሆቴሌ…»

«የትኞቹ ፌርማታዎች ናቸው?»

የማስታውሰውን ቆጠርኩላት። የጨርቃ ጨርቅ ሱቁን ስጠራ ውሃውን ዘጋች።

«እስቲ እሱን ድገሚልኝ» አለች።

ሌላ ፌርማታ አልፈልግም፣ ከሆነ ይሄኛው፣ ካልሆነ ይቅር ብላ ተመዘገበች። ናሙናውን ከጭቃ ሠራች፦ የተኛ አንበሳ ነው፤ ጀርባው ሰፊና ለጥ ያለ፣ ሦስት ሰው ተዝናንቶ የሚቀመጥበት። ቢሮው ወደደላት። ግን አንድ ነገር ነበር፤ ወንበሩ የሚተከልበት ሱቅ ባለቤት ናሙናውን አይቶ መስማማት አለበት።

«በቃ ቀረ» አልኩ እኔ።

«ለምን ይቀራል? እንዲያውም ደስ ይለዋል» አለች።

ልጄን አዝዬ አብሬያት ሄድኩ። ሪዛሙ ባንኮኒው ላይ ያለውን ጨርቅ ገፋ አድርጎ ናሙናውን አገላብጦ አየው።

«አንበሳ ነው?»

«አዎ ጋሼ።»

«ድመት እንዳይሆንብሽ።»

«አይሆንም። እጄ የለመደው ነው።»

«ፊቱ ወዴት ነው የሚሆነው?»

«ወደ መንገዱ ነበር ያሰብኩት።»

«እንዴት ተደርጎ! ለመንገደኛው ፊቱን፣ ለእኔ ማጅራቱን? አይሆንም። አንገቱን ወደ ሱቄ አዙሪው። ደንበኛዬ ሲገባ አንበሳ ይቀበለው።»

እትዬ አንበሴ አንገቷን ደፋች። «እርስዎ ካሉ ምን ገዶኝ።»

«ግርማ ይኑረው ደግሞ።»

«እሱን ለእኔ ይተዉት።»

ስንወጣ ክንዴን ጭምቅ አድርጋ ይዛኛለች። ፈርታ መስሎኝ «አይዞሽ፣ ተስማማ እኮ» አልኳት።

«አላወቀኝም» አለች። «አየሽ? ዓይኔ ውስጥ እያየ የማን ልጅ እንደሆንኩ አላወቀም።»

ከዚያ በኋላ ሱቁን መመላለሻዋ አደረገችው። ለመጋረጃ ነው ትላለች፣ ለአንሶላ ነው ትላለች፤ ጥቅሉን ሁሉ ታስዘረጋዋለች፣ ዋጋ ትከራከራለች፣ ምንም ሳትገዛ ትወጣለች። እኔ ለመጋረጃ መስሎኝ «ቤትሽ ያለችው አንድ መስኮት፣ ምን ያህል ነው የምትሸፍኚው?» ብዬ ቀልጄባታለሁ። ለካስ እያጠናችው ነው። ዋጋ ሲቀነስበት የግራ ቅንድቡ እንዴት እንደሚነሳ፣ ሲያኮርፍ ጉንጩ ወዴት እንደሚንጠለጠል፣ ሪዙ ጫፉ ላይ እንዴት እንደሚጠቀለል። ቤት ስትገባ እጇን ሳትታጠብ ጭቃ ታነሳለች።

ገላውን ግቢ ውስጥ፣ ሁላችን እያየን ሠራችው። ራሱን ግን በሩን ዘግታ። አንድ ጊዜ ውሃ ላቀብላት ብዬ ገፋ አድርጌ ገባሁና ደንግጬ ቆምኩ።

«ይሄ ነገር ሰው ይመስላል።»

«አንበሳ ነው።»

«እትዬ!»

«አንበሳ ነው አልኩሽ። ሪዝ የሌለው አንበሳ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

መኪና ጭኖት ሄዶ ፌርማታው ላይ በብሎን አሰሩት። ጆንያው ሲገፈፍ ሪዛሙ በኩራት እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ በሩ ላይ ቆሟል። ሰው ሁሉ አንዴ አንበሳውን፣ አንዴ እሱን ያያል። ምንም ያልገባው እሱ ብቻ ነበር። ሚስቱ ከውስጥ ወጣች፣ አየች፣ የበሩን እጀታ ይዛ እስክታለቅስ ሳቀች።

«ውይ ሰውዬ! ሲያኮርፍ ልክ እንዲህ ነው እኮ! ኧረ ቅንድቡን እዩልኝ!»

ያኔ ጉዱ ፈላ። ተማሪው በተራ በተራ እየዘለለ ጀርባው ላይ ይወጣል። የአውቶቡሱ ትኬት ቆራጭ የፌርማታውን ስም ትቶ «ሪዛሙ ላይ ወራጅ አለ?» ማለት ጀመረ። አንዷ ቅርጫቷን ይዛ ስትደርስ ጓደኛዋ «ነይ፣ እዚህ ሪዛሙ ላይ ጠጋ በይና ተቀመጪ» ትላለች። እሱ ደግሞ ይህን ሁሉ ከባንኮኒው ኋላ ቁጭ ብሎ ይሰማል። ፊቱን ሲያነሳ የራሱ ፊት ያየዋል፤ ከላዩ ደግሞ የማንም መቀመጫ።

እትዬ አንበሴ አንጀቷ ራሰ። ማታ ማታ የሰማሁትን ስነግራት «እሱን ደግሞ ድገሚው» ትለኛለች፣ እንደ ልጅ። እሷ ግን አንድም ቀን አልተቀመጠችበትም።

ሪዛሙ መላ መታ። የብረት መቁረጫ ያለው ሰው አምጥቶ መደቧ ላይ የነበሩትን ብረቶች ከሥራቸው አስቆረጠ። ምንጣፍ አነጠፈበት። «ኑ እዚህ ተቀመጡ፣ ጥላ አለ፣ ያ ቀዝቃዛ ነው፣ ወገብ ይይዛል» እያለ ሰውን ከአንበሳው ላይ ይለማመጣል። እኔ ደስ ብሎኝ በረርኩ።

«እትዬ! እንኳን ደስ ያለሽ! ብረቱን አስነሳው፣ ምንጣፍ ሁሉ አነጠፈ!»

ደስ የሚላት መስሎኝ ነበር። የያዘችውን የሲሚንቶ ማንኪያ ግድግዳው ላይ ወረወረችው።

«መቼ?»

«ዛሬ ጠዋት።»

«በአንድ ጠዋት?» አሸዋው ክምር ላይ ቁጭ አለች። «በአንድ ጠዋት የሚነሳ ነገር ነበር? ለእናቴ ያልተቻለው፣ ለሱ ፊት ሲሆን በአንድ ጠዋት?» ከቀብሩ ወዲህ ስታለቅስ ያየኋት ያን ጊዜ ነው። «እርቅ ምናምን» ልላት አስቤ የነበረውን ዋጥኩት።

ምንጣፉም አልሠራለትም፤ ሰው ሁለቱም ላይ ይቀመጥ ጀመር። በመጨረሻ ቢሮው ሄዶ መልኬን ቀርጻ አዋረደችኝ ብሎ ከሰሰ። የቢሮው ኃላፊ፣ ረጋ ያለች ሴት፣ ረዳቷን አስከትላ ፌርማታው ድረስ መጣች። እትዬ አንበሴንም አስጠሯት። መንገደኛው ከበበ፤ አውቶቡስ ያመለጠውም አላዘነም።

«የሰውን መልክ ያለ ፈቃዱ መቅረጽ አይቻልም» አለች ኃላፊዋ። «እርስዎ ከሆኑ ዛሬውኑ እናስነሳዋለን፣ ሌላ ትሠራለች። ግን ከአፍዎ ልስማ። ይሄ እርስዎ ነዎት?»

«ሰው ሁሉ እኮ ያውቃል…»

«አጠገቡ ይቁምና እንየው!» አለ አንዱ ከኋላ።

«ጎንበስ በል ጋሼ፣ ቁመቱ እንዲመጣጠን!» አለ ሌላው። ሳቅ ሆነ።

ኃላፊዋ ወደ እትዬ አንበሴ ዞረች። «አንቺስ ምን ትያለሽ?»

«እኔ የሠራሁት አንበሳ ነው። ይሄ ሰውዬ እኔ ነኝ ካለ ግን ለምን እኔን ቀረጸች የሚለውንም አብሮ ይንገራችሁ።»

«ምን አደረግኩሽ? እኔ አንቺን ከየት አውቄሽ?»

እርስዎ ማለቷን የተወችው እዚያ ላይ ነው። «ከዚህ ምንጣፍ ሥር ምን ነበረ? ተናገር!»

ሪዛሙ የምንጣፉን ጫፍ በእግሩ አስተካከለ።

«ሹል ብረት ነበረ» አለ ትኬት ቆራጩ፣ ከአውቶቡሱ በር ላይ ሆኖ።

«እናቴ እዚያ ብረት ላይ ተቀመጠች። ዓይኗ በደንብ አያይም ነበር። ወደ ሐኪም ልትሄድ ነበር። ከዚያ ወዲያ አልሄደችም፤ ሞተች። ይሄን ንገራቸው፣ ከዚያ አንበሳው ይነሳልህ።»

«የትኛዋ እናት?» አለ ሪዛሙ። «እዚህ የሚቀመጠው መች ያልቃል? እኔ የማንን እናት ለይቼ አውቃለሁ?»

ሳቁ ቆመ። ሚስቱ በሩ ላይ ነበረች፤ አንድ ጊዜ አየችውና ወደ ውስጥ ገባች።

«እሺ፣ ይንገሩኝ» አለች ኃላፊዋ። «እርስዎ ነዎት?»

ሪዙን በመዳፉ ጠረገ። የከበበውን ሰው በዓይኑ ዞረው፤ ግማሹ ደንበኛው ነው። እኔ ነኝ ቢል ብረቱም የሱ፣ ሬሳውም የሱ ሊሆን ነው።

«አይ… እኔ አይደለሁም» አለ። «አንበሳ ነው።»

«ጥሩ። አንበሳ ነው» አለች ኃላፊዋ፣ መኪናዋ ውስጥ ገብታ ሄደች።

የእትዬ አንበሴን ክንድ ይዤ «በይ እንሂድ፣ አሸነፍሽ እኮ» አልኳት።

«ምኑን አሸነፍኩ? የትኛዋ እናት አለኝ እኮ!»

እጇን አስለቀቀችኝና ሄዳ አንበሳው ጀርባ ላይ ተቀመጠች፣ ፊቷን ወደ ሱቁ አድርጋ። አውቶቡስ መጣ። ትኬት ቆራጩ «ግቢ እንጂ እናቴ» ሲላት «ሂዱ» አለች። ሌላም መጣ፣ ሄደ። እኔም ልጄን ይዤ ከጎኗ ቁጭ አልኩ፤ ጥያት የት እሄዳለሁ? ሪዛሙ ጥቅል ያነሳል፣ ያስቀምጣል፣ ያንኑ መልሶ ያነሳል። ደንበኛ ገብቶ ወጣ። እሷ ዓይኗን አልነቀለችም።

ፀሐዩ ዘወር ሲል ሪዛሙ ወጣ። ባዶ እጁን ነው። ከኛ ራቅ ብሎ ቆመ።

«ምርኩዟ ጫፍ ላይ ጎማ ነበረው?» አለ።

እትዬ አንበሴ ስለ ምርኩዝ አላነሳችም ነበር፤ ጫፉ ላይ ጎማ መኖሩን እኔም እንኳ ልብ ብዬ አላውቅም።

«ነበረው» አለች።

«ስትነሳ ወደቀባት። ወጥቼ አነሳሁላት።» መሬት መሬቱን ያያል። «ልብሷን አይቻለሁ። ምንም አላልኩም። እሷ… ምርኩዙን ስሰጣት ተባረክ አለችኝ።»

ልጄ ጭኔ ላይ ስትቁነጠነጥ ያዝ አደረግኳት።

«አንሺልኝ» አለ ቀስ ብሎ። «እባክሽን አንሺልኝ።»

እትዬ አንበሴ ተነሳች፣ ቀሚሷን አራገፈች። አውቶቡሱ ደርሶ በሩን ከፍቷል።

«እሷ ተባረክ ብላሃለች» አለችው። «እኔ አላልኩህም።»

ተሳፈረች። ልጄን አንጠልጥዬ ተከተልኳት። በመስኮት ሳይ፣ አንድ ወፍራም ሰውዬ ኮፍያውን አውልቆ አንበሳው ራስ ላይ ሰቀለና ተመቻችቶ ጀርባው ላይ ዘጭ አለ። ሪዛሙ እዚያው እንደቆመ ነበር።