የሐሙስ እንቁላል

እንቁላሌን ከልክለው ዳቦ ሲያበሉኝ ከረሙና «ወፍረሻል፣ ጉልበትሽ ቀንሷል» ብለው ከስፖርት ቡድን አስወጡኝ። ተጽፎ እንዲቀር የምፈልገው በደል ይህ ነው። የልጅ ልጆቼ ስነግራቸው ይስቃሉ። ለአንድ እንቁላል ይላሉ። አንድ አልነበረም፣ በቀን ሁለት ነበር። ደግሞም የኔ ነበር።

ጊዜው የደርግ ነው። ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ወዲያ ባለ ፋብሪካ ውስጥ ጆንያ እሰፋ ነበር። እናት አባቴ ሞተውብኝ ካገሬ ብቻዬን መጥቼ፣ ገርጂ አንድ ገበሬ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተጠግቼ እኖራለሁ። ገርጂ ያኔ እርሻና የከብት መዋያ ነበር። እሁድ እሁድ አፌን ሳልከፍት ይመሻል። አንዳንዴ ድምፄ መኖሩን ለማወቅ ከመሠረተ ትምህርት መጽሐፌ ጮክ ብዬ አነባለሁ።

ፋብሪካው የስፖርት ቡድን ሲያቋቁም አሎሎ ወርዋሪ አደረጉኝ። የጆንያ እስር ብቻዬን መኪና ላይ ስወረውር አለቃዬ አይቶኝ ነው። አሎሎ ከአገጭ ሥር ይዘው የሚገፉት ክብ ብረት ነው፤ ሲያዩት ትንሽ፣ ሲይዙት ሌላ። ሰባት ነበርን፣ ስድስቱ ወንዶች ናቸው። ከሥራ በኋላ እንለማመዳለን፣ ከዚያ በፋብሪካው ምግብ ቤት አንድ ጠረጴዛ ከበን እንበላለን። እውነቱን ልናገር፣ እኔ ለአሎሎው ብዬ አልነበረም። ከሰው ጋር የምበላው እዚያ ጠረጴዛ ላይ ብቻ ስለነበር ነው።

አሰልጣኛችን ውጭ አገር ተምሮ የመጣ ወጣት ነበር። ጡንቻ እንዴት እንደሚበቅል የነገረን እሱ ነው። «መብላት ቤት እንደመሥራት ነው» ይለናል። «እንጀራው፣ ዳቦው፣ ዘይቱ ኃይል ሰጪ ነው፤ እሱን ግንበኛው በሉት። እንቁላሉ፣ ሥጋው፣ ወተቱ፣ ጥራጥሬው ገንቢ ነው፤ እሱ ድንጋዩ ነው። ድንጋይ ሳይቀርብ ግንበኛ ቢበዛ ተቀምጦ ይወፍራል። ድንጋዩ ሞልቶ ግንበኛው ከተራበ ደግሞ ድንጋዩን ሸጦ ይበላዋል። ሁለቱም በልክ።» ለዚህ ብሎ አስፈቅዶ ለእያንዳንዳችን በቀን ሁለት ቅቅል እንቁላል አስመደበልን።

የመጀመሪያው ረቡዕ ደረሰ። ምግብ አብሳይዋ ትልቅ ሴት ነበሩ፣ ሳህኔን አመጡልኝ።

«ዛሬ እንቁላሉን አልበላም፣ እትዬ» አልኳቸው። ምክንያቱን አልተናገርኩም፤ ያኔ እጾማለሁ ተብሎ በአደባባይ አይወራም። እንቁላሉን አንስተው ሄዱ።

ሐሙስ ዕለት ዳቦ መጣ፣ ወጥ መጣ፣ እንቁላል የለም።

«እንቁላሌስ?»

«አንቺ ጾመኛ ነሽ።»

«ዛሬ ሐሙስ ነው እኮ።»

«ሁለት ዳቦ ጨምሬልሻለሁ፤ ብይና ዝም በይ።»

ጎኔ የተቀመጠው የመኪና ሾፌር አራት እንቁላል እየላጠ ነበር። ከስድስቱ ወንዶች አራቱ ረቡዕና ዓርብ ሆዳችንን አመመን እያሉ ሳህናቸውን ይመልሳሉ፤ የመለሱት በማግሥቱ ተደርቦ ይመጣላቸዋል።

«የትናንቱ ነው?» አልኩት።

«ትናንት ሆዴን አሞኝ ነበር፣ እህቴ።»

«ረቡዕ ረቡዕ የሚነሳ ሕመም ነው እንዴ? ሐኪም ይይህ።»

ጠረጴዛው ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። እንቁላሉ ግን በዚያ ሳምንትም በሚቀጥለውም አልመጣም። ሦስት ጊዜ ጠየቅኩ፣ ሦስቱንም ጊዜ ዳቦ ተጨመረልኝ።

ቁጭ ብዬ አላለቀስኩም። አሰልጣኙ ጥራጥሬም ድንጋይ ነው ብሎ የለ? ከቀበሌው ሱቅ ባቄላ ባገኘሁ ቁጥር በጣሳ ዘፍዝፌ አጎነቁላለሁ፣ ማታ ማታ በጨው እበላለሁ። እሁድ የወፍጮዬን መጅ ይዤ መስክ ላይ እወረውራለሁ። ባለ ከብቶቹ ሽማግሌ ከሩቅ ይጮኹብኛል፦ «አንቺ ሴት፣ ላሜን ብትፈነክቺ በላሟ ቦታ አንቺን ነው የማስርሽ!» በሳምንቱ እረፍት ቀን ያናገረኝ ሰው እሳቸው ብቻ ስለነበሩ ስድቡ ደስ ይለኝ ነበር። ከዚያ ባቄላው ከቀበሌው ሱቅ ጠፋ። ዳቦው ብቻ ቀረ። ስለራበኝ ዳቦውን እበላለሁ።

ከፋብሪካዎች ውድድር በፊት አሰልጣኙ በመጋዘኑ የጆንያ ሚዛን መዘነን። እኔ ከብጄ ተገኘሁ። ሜዳ ወጥተን ወረወርኩ፤ ብረቱ ድሮ የደረስኩበትን ለማመልከት ከተተከለው ካስማ ሁለት እርምጃ ቀርቶ ወደቀ።

«ምንድነው የምትበዪው?» አለኝ።

«የሚሰጠኝን።»

«ገንቢው ይደርስሻል?»

«አይደርሰኝም።»

ደግ ልጅ ነበር፤ ነገሩን ለፋብሪካው ኮሚቴ አቀረበልኝ። ኮሚቴው ቡድኑን ሁሉ ሰብስቦ አስቀመጠ። ሰብሳቢው ወረቀቱን አገላብጦ ቀና አለ።

«ጓድ፣ ጾመኛ ነሽ የተባለው እውነት ነው?»

ጠረጴዛው ዙሪያ ያለው ሁሉ አቀርቅሯል። ውሸት ብዋሽ እንቁላሌ ይመለሳል ብዬ አሰብኩ። ደግሞ በማን ፊት ልዋሽ?

«ነኝ» አልኩ።

«እንግዲያው ድርሻሽን የተውሽው ራስሽ ነሽ።»

«ወንዶቹስ?» የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ሾፌሩን አየሁት። የአራት ልጆች አባት ነው። ከጎኑ ያለው ደግሞ ለፓርቲ አባልነት ታጭቶ ነበር፤ እጁን ጉልበቱ መሃል ከቶ ወለሉን ያያል። የነሱን ጾም ተናግሬ የኔን እንቁላል ባስመልስ ፍርድ አገኘሁ ልበል? ዋጥኩት። ከነሱ አንዱ ቀና ብሎ «ለኔ እየተቀመጠልኝ ነው» ቢል ጉዳዩ ያልቅ ነበር። ጠበቅኩ። ሰብሳቢው ብዕሩን እስኪከድን ድረስ ጠበቅኩ።

«ወፍረሻል፣ ጉልበትሽ ቀንሷል» ተብዬ ከቡድኑ ተሰረዝኩ። ከዚያ ወዲያ ምግቤን በምግብ ቤቱ በር አጠገብ ባለው አግዳሚ ላይ ብቻዬን በላሁ። ሾፌሩ ሲያልፍ ሰላም ይለኛል፤ ዓይኔን ግን አያይም። አንድ ሐሙስ እንቁላል በወረቀት ጠቅልሎ አግዳሚው ላይ አስቀምጦልኝ ሄደ። አልነካሁትም። በምጽዋት የመጣ የኔ ድርሻ አይደለም። ሞኝ ናት በሉኝ።

መንግሥት ተለወጠ፣ ፋብሪካው ተዘጋ፣ እኔም አግብቼ ወለድኩ። ከብዙ ዓመት በኋላ ገርጂ ጤና ጣቢያ ተራ ስጠብቅ ምግብ አብሳይዋን አየኋቸው። በከዘራ ነው የሚሄዱት። ሄጄ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«እትዬ፣ ያኔ እንቁላሌን ለምን ከለከሉኝ?»

አላስታውስም ይሉኛል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። አላሉም።

«ለሰባት ሰው ተብሎ ይጻፋል፣ ከግምጃ ቤት የሚወጣልኝ ግን የስድስት ሰው ነበር» አሉ። «ከአንዱ መቅረት ነበረበት።»

«ለምን ከኔ? ሌሎቹም ይጾሙ ነበር።»

«ጾሙማ ሰበብ ነው።» ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ። «የሾፌሩ ሚስት ትመጣለች። የዚያኛው እናት ትመጣለች፣ የሌላው ወንድም በር ላይ ቆሞ ይጠብቀዋል። ለምን ከሳብን ብለው ይይዙኛል። አንቺን ብሎ የመጣ ሰው ግን አንድ ቀን አላየሁም።»