ወባ ያልኩት ድካም

መጀመሪያ የተንቀጠቀጠው ቀኝ እጄ ነው። ለአንድ ሕፃን ግሉኮስ ልሰካለት የደም ሥሩን ይዤ ሳለ መርፌው አልታዘዝ አለኝ። እናቱ ፊት ፊቴን እንጂ እጄን አላየችም። እኔ ግን አየሁት፤ ወዲያው "ወባ ናት" አልኩ።

አሶሳ የተመደበ ሰው ሁሉ እንደዚያ ይላል። ክልሉ ገና መቋቋሙ ነበር። በየቀኑ አዲስ የቢሮ ሠራተኛ ከመኪና ይወርዳል፤ ለእኛ ጤና ጣቢያ ግን ነርስ ጠፍቶ አዋላጇም፣ መርፌ ወጊዋም፣ ተረኛዋም እኔው ነበርኩ። ራስ ምታቱንም፣ የልቤን ምት መፍጠንም፣ እንቅልፍ ማጣቱንም ለወባ ሰጥቼ፣ ደሜን ሳላስመረምር ክሎሮኪን ዋጥኩ። አልተሻለኝም። ደገምኩ። ታካሚ ቢያደርገው የምቆጣበትን ነገር!

ከዚያ ባሰብኝ። በር ሲንኳኳ እበረግጋለሁ። "ሲስተር" ሲሉኝ እንባዬ ይመጣል። አንድ ቀን መርፌውን ትሪው ላይ አስቀምጬ ወጣሁ። ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ። ነርስነት በቃኝ አልኩ። የምሬን ነበር።

ለሥራ ጉብኝት የመጡ አንድ ዶክተር ደሜን አስመረመሩ። "ወባ የለብሽም። የሥራ ጭንቀት ነው" አሉኝ። "መልቀቅ ከፈለግሽ ልቀቂ። ግን ዛሬ አትወስኚ። መጀመሪያ እረፊ።"

ዕረፍቱ የት ተገኝቶ! መታመሜ ሲሰማ ጠያቂ ቤቴን ሞላው። "እግዜር ይማርሽ" ብሎ የተቀመጠ ሁሉ ሊነሣ ሲል እጅጌውን ይሰበስባል። "እግረ መንገዴን፣ ይቺን ቁስል ብታዪልኝ?" አልጋዬ ላይ ሆኜም ተረኛ ነበርኩ።

ከዚህ ያወጣችኝ በጤና ጣቢያችን ካርድ ክፍል የምትሠራው ባልደረባዬ ሐዋ ናት። ከአሶሳ ወጣ ብላ ወዳለችው ሆሞሻ፣ እናቷ ቤት ወሰደችኝ። እናቷን ሰው ሁሉ "ሐጃ" ይላቸዋል፤ በርትኛ ተናጋሪ ናቸው፣ አማርኛቸው ጥቂት ነው። ወሬ አይደበቅምና እዚያም አንድ ሰፋሪ ገበሬ ልጁን አቅፎ መጣ። ሐጃ በሩ ላይ ተቀምጠዋል።

"ሲስተር የለም" አሉት።

"እዚህ ገባች ሲሉ ሰምቼ እኮ ነው፣ እናቴ።"

"ገብቷል። ግን ዛሬ ሲስተር አይደለም። በሽተኛ ነው። ልጅ ጤና ጣቢያ ውሰድ።"

ጋቢ ተከናንቤ አለቀስኩ። በሽተኛ መሆኔን አምኖ እንዳርፍ የተወኝ ሰው ያን ቀን አገኘሁ። ከዚያም ተኛሁ።

ማገገሙ ቀስ ያለ ነበር፤ የማሽላ ገንፎ እየበላሁ፣ ከሰዓት በኋላ ማንጎው ጥላ ሥር ከሐጃ ጋር ብዙም ሳናወራ እየዋልን፣ እሳቸው ልብስ ሲሰፉ እኔ መርፌያቸው ላይ ክር እያስገባሁላቸው፣ እጄ ሳላውቀው መንቀጥቀጡን ተወ። ስመለስ ለኃላፊዬ እለቃለሁ አላልኩም። ብቻዬን ግን አልሠራም አልኩ። ሁለተኛ ነርስ እስኪመጣ ጊዜ ወሰደ፤ እስከዚያው ተረኛ ሳልሆን ቤቴ የማድርባቸው ሌሊቶች ተለዩልኝ።

በዚህ ሙያ ላይ ያላችሁ እህት ወንድሞቼ፣ እጃችሁ ቢንቀጠቀጥ ደማችሁን አስመርምሩ። ወባ ካልሆነ ክኒን አትደራርቡ፤ መድከማችሁን ለአለቃችሁ ንገሩ። መልቀቅም ነውር የለበትም፣ ብቻ አርፋችሁ ወስኑ። የታመመች ነርስ ልትጠይቁ የምትሄዱም፣ እባካችሁ ቁስላችሁን ሸፍናችሁ ግቡ።

ሐጃን ፈጣሪ ዕድሜ ይስጥልኝ። ያን ቀን በሩ ላይ ተቀምጠው "ሲስተር አይደለም" ባይሉልኝ ኖሮ፣ ዛሬ "ሲስተር" ሲሉኝ አቤት አልልም ነበር።