የመሪነት ሥልጠና በሰሊጥ አጨዳ ሰሞን

ኮሌጃችን መሪ ሊያደርገን የወሰነው በሰሊጥ አጨዳ ሰሞን ነው። ለመሪነት ሌላ ወር አልተገኘም። አሠልጣኙ ከሩቅ ከተማ መጥቶ ከመኪናው እንደወረደ የጠየቀው ማራገቢያ ያለበት ክፍል የትኛው እንደሆነ ነበር። ክፍሉ ተሰጠው፤ መብራት ግን አልነበረም። ስለዚህ የመጀመሪያውን ትምህርት፣ መሪ በችግር ጊዜ እንደማይረበሽ፣ ላቡን እየጠረገና እየተነጫነጨ አስተማረን።

ከዚያ ተወካይ ምረጡ ተባልን። የተሳሳትነው እዚህ ላይ ነው። እኛ የመተማ ልጆች መሪ ሲመረጥ ያየነው ሸሕዲ ከተማ፣ ሳሉጎች በሚቀጠሩበት ቦታ ነው። ሳሉግ የምንለው ለአጨዳ ከደጋ የሚወርደውን የቀን ሠራተኛ ነው። ሳሉጎቹ ከመሃላቸው ሲናገር የማይፈራ ሰው ይመርጣሉ። እሱ ስለ ምግቡም ስለ ውሃውም ከባለ እርሻው ጋር ይከራከራል፤ ካልተስማማ ጓዙን ትከሻው ላይ ጥሎ ይነሳል፣ ሌሎቹም ይከተሉታል። እኛም እንደዚያው መረጥን። የመረጥናት ልጅ አባት ከጎጃም ለአጨዳ ወርዶ እዚሁ የቀረ ሰው ነው፤ መዳፍ የምታህል መሬት እንኳ አልነበራቸውም። ለካ ኮሌጁ የፈለገው የዲኑን ቃል ለእኛ የሚያደርስ ሰው ኖሯል። ማን ነግሮን?

በዚያ ዓመት መንገዱ እየተዘጋ፣ ከደጋ የወረደው ሠራተኛ ጥቂት ነበር። የእናቴ ሰሊጥ ደግሞ ደርሷል። ሰሊጥ በጊዜው ካልታጨደ ቅርፊቱ አፉን ይከፍትና ፍሬው መሬት ላይ ይፈሳል፤ የፈሰሰ ሰሊጥ የጉንዳን ነው። አባቴ ከሞተ ወዲህ የምንኖረው በዚያች ማሳ ነው፤ እኔም የምማረው በእሷው። እናቴ በደወለች ቁጥር ሰሊጡ ሊከፍት ነው ትለኛለች። የክፍሉ ግማሽ እንዲህ ያለ ስልክ ይደወልለት ነበር።

ተወካያችን ዲኑ ዘንድ ገብታ ሥልጠናው ለሳምንት እንዲገፋ ለመነች። ዲኑ ትዕግሥት የመሪ ጌጥ መሆኑን አስረድተው መለሷት። ሰሊጡ ግን ይህን ሥልጠና አልወሰደም። በማግስቱ አሠልጣኙ መሪ ማለት ሌሎች የሚከተሉት ሰው ነው ብሎ ሰሌዳው ላይ ሲጽፍ፣ ልጅቷ ቦርሳዋን አንስታ ቆመች። ዲኑ ከኋላ ተቀምጠው ነበርና ወደ እሳቸው ዞረች።

«መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልን። ሰሊጥ ቀጠሮ አይሰጥም። አጭደን እንመለሳለን» አለቻቸውና ወጣች።

ወንበሮች ሲንኳኩ ሰማሁ፤ አንዱ የእኔ ነበር። አሠልጣኙ ጠመኔውን እንደያዘ ቀረ። ትምህርቱ እንዲህ ፈጥኖ የገባው ተማሪ አይቶ አያውቅም መሰለኝ።

እሷ የምታጭደው ሰሊጥ አልነበራትም። ስለዚህ እኛ ማሳ መጣች፤ ፀሐዩ አናት እየበሳ ከእናቴ እኩል ስታጭድ፣ ነዶ ስታስርና ስታቆም ሰነበተች። ሰሊጣችን ተረፈ።

ስንመለስ የመሪነት ሰርተፍኬቱ ከወንበራቸው ላልተነሱት ታድሎ ጠበቀን። ለተከተልናት ማስጠንቀቂያ ተሰጠን፤ እሷ ተማሪ በማስከተል ጥፋት ለአንድ ዓመት ታገደች። እኛም ለመንን፣ እናቴም ዲኑን ደጅ ጠናች፤ ጉዳዩን ኮሚቴ እያየው ነው ተባለች። ኮሚቴ እንደ ሰሊጥ አይደለም፣ ቀጠሮ ይሰጣል። ዓመቱ ሲሞላ ልጅቷ አልተመለሰችም። አባቷ ታሞ ስለነበር ቤቱን ለመደጎም የቀን ሥራ ገብታ እዚያው ቀረች። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

በምረቃችን ቀን ዲኑ ድምፅ ማጉያውን ይዘው ኮሌጁ ለአገር መሪዎችን ማፍራቱን አበሠሩ። አዳራሹ አጨበጨበ። እናቴ አጠገቤ እጇን አጣምራ ተቀምጣ ነበር።

«አንዲት አፍርተው ነበር፤ እሷንም አባረሯት» አለች።