የኤልከ መርገጫ

ሎታር ክፉ ሰው አይደለም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ከዚህ በኋላ የምለው ሁሉ ክፉ ስለሚያስመስለው ነው። አርባ ዓመት በአንድ አጥር ተጎራብተናል። እሱ መሬት ቀያሽ ነበር፣ እኔ የመንደሩ ትራክተር በያጅ። ሁለታችንም ጡረታ ወጥተናል፤ የእሱ ሜትር ግን ዛሬም ከኪሱ አይለይም። ዳቦ ሲቆርስ እንኳ የሚለካ ይመስለኛል።

ሚስቱ ኤልከ ሠላሳ አንድ ዓመት በብስክሌት ፖስታ ያደለች ሴት ናት። በዚህ ዳገት፣ በዚህ በረዶ! እግር ማለት የእሷ ነበር። እኔ በመኪና ስወጣ እያፏጨች የቀደመችኝ ቀን አለ።

መኪናቸውን «ወፍራሟ» ነው የሚሏት። የመንደራችን የእሳት አደጋ መኪና ነበረች፤ አፍንጫዋ ክብ፣ አራቱም ጎማዋ የሚጎትት፣ ዕድሜዋ ከእኔ ብዙም የማያንስ። እጮኛሞች ሳሉ ነው የገዟት። ከኋላ አልጋና ምድጃ ገጠሙላትና እስከ ቱኒዚያ ጨው ሐይቅ ድረስ ነዷት። ከዚያ ልጆች መጡ፤ ወፍራሟም ድርቆሽ ቤት ገብታ ሃያ ስድስት ዓመት ቆመች።

ሎታር ጡረታ በወጣ ሰሞን፣ በሚመጣው ግንቦት ጨው ሐይቁ ዳር ቁርስ እንደሚበሉ ለኤልከ ቃል ገባላት። እኔም ነበርኩ፣ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እሷ በዚያው ቀን የመኝታ ከረጢቶቹን አጥባ ገመድ ላይ አሰጣች።

ነገሩ የተበላሸው የፊት መስታወቱን ዙሪያ ከያዘው ጎማ ነው። ሎታር ጎማውን ላጥ ቢያደርገው ከሥሩ ዝገት። ለጥፍበት፣ ቀለም ቅባው፣ ሂዱ አልኩት። «ከተሠራ አይቀር በደንብ ነው» አለኝ። ጋቢናው ወረደ። ከጋቢናው ሥር ያለው ብረት በጣቴ ስነካው እንደ ብስኩት ፈረሰ። ከዚያ መኪናዋን የተሸከመው ሻንሲ፣ ከዚያ የፍሬን ቱቦዎቹ፣ ከዚያ ካምቢዮው። እያንዳንዱ ብሎን በወረቀት ከረጢት ገብቶ ቁጥር ይጻፍበታል። አንዱን ሲፈታ ሦስት ይሰበሩበታል፤ ለሦስቱም ትክክለኛውን የዘመኑን ብሎን ካላገኘ ወይ ፍንክች! የመጀመሪያው ግንቦት በዝገት አለፈ፣ ሁለተኛው ካምቢዮ ስንጠብቅ።

በሁለተኛው ዓመት መከር ላይ የኤልከ እጅ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሐኪሙ ፓርኪንሰን ነው አላት። ሎታር ዜናውን ሲነግረኝ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር፤ ነግሮኝ ሲያበቃ ግን ተመልሶ መኪናው ሥር ገባ። ምን ያድርግ? ዝገት መፋቅ ያውቃል፣ ያን በሽታ መፋቅ አያውቅም።

አንድ ቀን ኤልከ የፕሪም ኬክ በትሪ ይዛ መጣች። ሲኒዎቹ ትሪው ላይ ይንቀጫቀጫሉ። ሎታር ቀለም ሊያመጣ ወጣ ሲል ቀስ ብላ ጠጋ አለችኝ።

«ኤገን፣ አንዲት መርገጫ በይድልኝ እስቲ። የጋቢናው መግቢያ ወገቤ ድረስ ነው። አሁን ቢሆን ታግዬም እወጣለሁ፤ ከርሞ እንጃ።»

ብረቱ እቤቴ ነበረኝ። የሁለት ሰዓት ሥራ ነው። እኔ ግን የመኪናዋን ጌታ ሳልጠይቅ እንዴት ብዬ ለሎታር ነገርኩት።

«ፋብሪካው መርገጫ አላደረገላትም» አለኝ። «የመኪና መርማሪው ካየ ለአሮጌ መኪና የሚሰጠውን ታሪካዊ ሰሌዳ ይከለክለናል። ያ ሰሌዳ ከሌለ ደግሞ በጭሷ ሰበብ ከተማ አያስገቡንም፣ ጉዞው ሁሉ ቀረ ማለት ነው። ለእሷው ብዬ ነው፣ ኤገን።»

እውነት መሰለኝ። ወይም እውነት እንዲመስለኝ ፈለግሁ፣ ከሎታር ጋር መጣላት አልወድም። ለኤልከ «ሕግ ነው» አልኳት። እሺ ብላ ሲኒዎቹን ሰበሰበች። ራሴን የምረግመው ያቺን ቀን ባስታወስኩ ቁጥር ነው።

ሦስተኛውም አራተኛውም ግንቦት አለፈ። ኤልከ መጀመሪያ በከዘራ፣ በኋላም በሁለት እጅ በሚገፋ ተሽከርካሪ መደገፊያ ወደ ድርቆሽ ቤቱ ትመጣ ነበር። ስለ መርገጫው ዳግም አላነሳችም።

በአምስተኛው ግንቦት ወፍራሟ አለቀች። ውሸት አልናገርም፣ ታምር ነበረች። ቀይዋ ቀይ፣ ሞተሯ በአንድ የቁልፍ ዙር የሚነሳ። መርማሪው መጣ። ሥሯ ገብቶ በትንሽ መዶሻ ብረቱን መታ መታ አደረገ፣ በባትሪ አየ፣ ወጥቶ ሎታርን በሁለት እጁ ጨበጠው። እንዲህ ያለ ሥራ አይቶ እንደማያውቅ ተናገረ። ወረቀቱን እየፈረመ ሳለ አግዳሚው ላይ የተቀመጠችውን ኤልከን አየ።

«ወይዘሮዋ በምን ሊወጡ ነው?» አለ።

ሎታር ፋብሪካው መርገጫ እንዳላደረገላት፣ ሰሌዳውም እንዳይቀር መፍራቱን ነገረው።

«ተንጠልጥሎ የሚነቀል መርገጫ ነዋ! እሱን ማን ይከለክልዎታል? እኔ አላየውም እንኳን» አለና ሳቀ። ክፋት አልነበረውም፣ ሰውዬው ቀና ነው። ሎታር ግን አልሳቀም። ኤልከም እጆቿን ጭኗ ላይ ይዛ መሬት መሬት ታይ ነበር።

መርማሪው እንደሄደ ሮጬ ብረቴን አመጣሁ። በሁለት ሰዓት በየድኩት፣ አለሰለስኩት፣ ትኩሱን አቀዘቀዝኩት፣ አንጠለጠልኩት። እንዳሰብኩት በሁለት ሰዓት! ኤልከን ደግፈን አቆምናት። ቀኝ እግሯን መርገጫው ላይ አደረገች። እጀታውን ያዘች። እኛ ከኋላ ሆነን እንገፋለን፣ ሎታር «አይዞሽ፣ አይዞሽ» ይላል። ግራ እግሯ ግን መሬቱን አልለቅ አለ፤ እንደተቸነከረ ቀረ። ያቺ ዳገቱን እያፏጨች የምትወጣ ሴት!

«አውርዱኝ» አለች።

ሎታር ተሸክመን እናውጣሽ አላት።

«ብታወጡኝስ? በየነዳጅ ማደያው፣ በየሽንት ቤቱ ማን ያወርደኛል? ከዚህ እስከ ቱኒዚያ ኤገንን ይዘነው ልንሄድ ነው?»

አግዳሚው ላይ አስቀመጥናት። ሎታር ወደ መኪናዋ በር ተመለሰ። ያለቅሳል ብዬ ነበር፤ ቢያለቅስ በስንት ጣዕሙ! እሱ ግን ሜትሩን ከኪሱ አወጣ። ከበሩ እስከ መሬት፣ ከመሬት እስከ ወንበሩ ለካ፤ በእርሳስ መዳፉ ላይ ጻፈ።

«በኤሌክትሪክ የሚወጣና የሚወርድ ወንበር» አለ። «ከሻንሲው ጋር ይታሰራል። ግን በደንብ መሠራት አለበት፣ ኤልከ። በሚመጣው ግንቦት ይደርሳል።»

አፌን ከፈትኩ። ልጮህበት ነበር፣ ሜትሩንም ነጥቄ ልወረውረው ነበር። ኤልከ ራሷን ነቀነቀችብኝ፦ ተው።

«ያዝለት፣ ኤገን» አለችኝ።

የሜትሩን ጫፍ ያዝኩለት።