የአውሮፕላን እግር በፎገራ

ንጋት 12 ሰዓት፣ ባሕር ዳር

አማትቤ ሚኒባሱ ውስጥ ገባሁ። ረዳቱ «አንድ ሰው ብቻ ቀረን» ብሎ ስድስት ሰው ከጫነ በኋላ ተነሣን።

የምኖረው ሻርጃ ነው፤ ስምንት ዓመቴ። ሥራዬ ከአሮጌ አውሮፕላኖች የተፈቱ ትርፍ ዕቃዎችን ቁጥራቸውን እያነበብኩ መለየት ነው፤ አሠሪዬ ደግሞ ለሙዚየምና ለአሮጌ አውሮፕላን አዳሾች ይሸጣቸዋል። በአገሬ ሰው አነጋገር ይህ «አውሮፕላን ታበራለች» ይባላል። ማስተባበል ትቻለሁ፤ ደስታቸውን ለምን ልንሣ።

ታናሽ ወንድሜን ደሳለኝን ወረታ ላይ አንድ ደላላ «የጣሊያን አውሮፕላን ሞተር» አሳይቶታል። ደላላው በለውጡ የሚፈልገው ጊደሩን ነው፤ እውነተኛ የፎገራ ጊደር፣ ወንድሜ ያለው ሀብት እሷው ናት። ሞተሩን ለአሠሪዬ ሸጦ መንጋ ሊገዛ አስቧል። «አንቺ እውነት ነው ካልሽ ዛሬውኑ አስረክባለሁ» ብሎኛል። ጊደሯ ሳታውቀው ነገሯ በእኔ አፍ ላይ ተንጠልጥሏል።

ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል፣ ሐሙሲት

ኬላ። ወርደን ተፈተሽን። ፈታሹ ከቦርሳዬ ማጉያ መነጽር፣ የሽቦ ብሩሽና መለኪያ አውጥቶ ሐኪም ነሽ ወይ አለኝ። የብረት ነኝ አልኩት። ከኋላዬ አንድ ሰውዬ «እንግዲያ መጀመሪያ ይችን ሚኒባስ እይልን» አሉ።

የነቢያት ጾም ስለሆነ ቁርስ የለም። ሾፌሩ ግን በሕመም ምክንያት ተፈቅዶለት ነው መሰለኝ ሁለት ጥብስ በላ። እንዲህ ያለ ሕመም ለጤነኛም አይገኝም።

ረፋድ 4 ሰዓት፣ ወረታ

የሩዝ መፈልፈያዎቹ ያጓራሉ፤ የገለባው ክምር ከቤቱ ይበልጣል። ደሳለኝ ነጭ ጋቢውን ለብሶ፣ ሙሽራ መስሎ ጠበቀኝ። ደላላው ይበልጣል የሚባል፣ ሁለት ስልክ የያዘና በሁለቱም የማይደወልለት ሰው ነው። እርሱ ግቢ ውስጥ አሮጌ ብረት ሁሉ የጣሊያን ነው፤ ሚዛኑ የጣሊያን፣ በሩ የጣሊያን፣ የቻይና ጽሕፈት ያለበት ፓምፕ ሳይቀር የጣሊያን።

«ሞተሩን» ከጆንያ ሥር በክብር ገለጠልን። ከአርበኞች ዘመን የቆየው ቀለም ጣቴ ላይ ተጣበቀ። ዘንበል ሳደርገው ገለባ ፈሰሰ።

«ይኸስ?» አልኩት።

«አውሮፕላኑ ሩዝ ጭኖ ነበራ» አለኝ፣ ዓይኑን ሳያሽ።

ሩዝ ፎገራ የገባው ጣሊያን ከወጣ ስንትና ስንት ዘመን በኋላ እንደሆነ ደሳለኝም ያውቃል፤ አባታችን ከመጀመሪያዎቹ ዘሪዎች አንዱ ነበርና። ያየነው የሩዝ መፈልፈያ ንፋስ መስጫ ነው። ይህንኑ ቀስ ብዬ ነገርኩት። ይበልጣል ቅር አላለውም፤ እንግዲያስ መፈልፈያ ብታቋቁሙበትስ አለን።

ጊደሯ ዳነች፤ ታመመ ወንድሜ። ባጃጅ ውስጥ ገብተን ስንሄድ «እታለም፣ አንድ ብረት ቀርቶኛል። እሱ ግን የእኔ አይደለም» አለኝ።

ቀን 7 ሰዓት፣ ቁሐር ሚካኤል

ውኃው ሸሽቶ ጥቁሩ አፈር ተሰንጥቋል፤ አጫጆች ሩዙ ውስጥ ጎብጠዋል። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር፣ ወይራው ላይ፣ በድንጋይ እየተመታ ደወል የሚሆን ወፍራም የብረት ዘንግ ተንጠልጥሏል። ጫማዬን አውልቄ፣ ተሳልሜ፣ ብሩሼን አወጣሁ። ከዝገቱ ሥር ትንሽ ሰሌዳ፤ ሰሌዳው ላይ ቁጥር። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የአሮጌ አውሮፕላን እግር ነው፤ ጎማውን የሚሸከመው። አሠሪዬ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲፈልገው የኖረው፣ ይኸው።

የቤተ ክርስቲያኑን ንብረት የሚጠብቁት ቄሰ ገበዝ አባ ወልዴ ከየት እንደመጣ አያውቁም፤ ልጅ ሆነውም እዚሁ ነበር። ዋጋ አለው ወይ ሲሉኝ አለው አልኳቸው። ቀና ብለው ጣሪያውን አዩ። ቆርቆሮው ያለፈውን ክረምት መቅደሱ ድረስ አስገብቶታል።

«ልጄ፣ የብረት ነገር የምታውቂ አንቺ ነሽ። ትርፍ ነው ካልሽን ነገ እናወርደዋለን። ለመምቻ ሌላ ብረት አይጠፋም።»

ደሳለኝ አፍ አፌን ያየኛል። ካወረዱት አገናኙ እሱ ነው፤ የጠዋቱ ውርደት ይሽራል። እኔም፣ አምላክ ይቅር ይበለኝ፣ «ትርፍ» የምትለዋ ቃል ምላሴ ላይ ደርሳ ነበር።

የቅዳሴ ሰዓት ደርሶ ኖሮ አባ ወልዴ ድንጋዩን አንሥተው መቱት። ድምፁ ሜዳውን ይዞ ሄደ። ከሩዙ ውስጥ ጎብጠው የነበሩት አንድ በአንድ ቀና አሉ፤ ማጭዱን ነዶው ላይ ጥለው፣ ነጠላቸውን እያስተካከሉ መጡ።

እኛ መጋዘን አንድ ሕግ አለ፤ ሥራ ላይ ያለ ዕቃ ትርፍ አይባልም።

«አባ፣ ይህ ትርፍ አይደለም። አገልግሎት ላይ ነው።»

«ታዲያ ቅዳሴ ሊገባ አይደል፤ አገልግሎት እንጂ ምን ሊሆን ኖሯል?» አሉኝ፣ የአውሮፕላን አብራሪነቴን እየተጠራጠሩ። ጣሪያው እስከ ክረምት ይታገሣል ብለው ገቡ። ደሳለኝ ጋቢውን አጣፍቶ ተከተላቸው፤ በሩ ላይ ዞር ብሎ «ቢያንስ አንዱ እውነት ሆነ» አለኝ።

ከቅዳሴ ስንወጣ የአሠሪዬ መልእክት ስልኬ ላይ ጠበቀኝ። እንደ ወትሮው፣ ያ እግር ተገኘ ወይ ይላል።

ተገኝቷል፣ ግን ባለቤቱ ይጠቀምበታል ብዬ ጻፍኩ።

ባለቤቱን አግኝተሽ አነጋግሪልኝ አለ።

ጠዋትና ማታ አነጋግረዋለሁ፤ እስካሁን እሸጣለሁ አላለኝም አልኩት።