ያልዘለልሁላት ኳስ

ባለፈው እሑድ የእህቴ ልጅ ሰብለ የአሜሪካኖችን እግር ኳስ ልምምድ በስልኳ አሳየችኝ። እግር ኳስ ይሉታል እንጂ ሲይዙት ያየሁት በእጅ ነው። ቡድኑ ገና የቀጠራቸው ግዙፍ ተከላካዮች በመስመር አጎንብሰዋል፤ አንድ ሽማግሌ አሰልጣኝ ኳሷ ሳትነቃነቅ እንዳይነሡ ይጠብቃቸዋል። አንደኛው፣ በር የማያሳልፈው ጎረምሳ፣ ደጋግሞ ቀድሞ ይነሣል። ሽማግሌው ሳይቆጣ ወደ ቦታው ይመልሰዋል። ሰብለ ሳቀች። እኔ ተነሥቼ መስኮቱን ከፈትሁ፣ መልሼ ዘጋሁት።

እኔም ቀድሜ የምነሣ ነበርሁ።

ከዘጌ በጀልባ ተሻግሬ ባሕር ዳር ፋብሪካ የገባሁት በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ፣ አምስተኛ ክፍልን ገና ጨርሼ ነው። የተቀጠርሁት ለማሽን ነበር፤ ቁመቴን አይተው ለሴቶች መረብ ኳስ ቡድን ሰጡኝ። ኳስ ነክቼ አላውቅም። እሺ ያልሁበት ምክንያት አንድ ነው፤ የሌላው ሠራተኛ ፈረቃ በየሳምንቱ ሲቀያየር፣ ተጫዋቾች ግን ሁልጊዜ ጠዋት ይገባሉ። ፈረቃው ካልተቀያየረ ከልምምድ በኋላ መማር ይቻላል። ሙከራው ሦስት ወር ነበር።

አሰልጣኛችን እትዬ ወርቄ የድሮ ተጫዋች ናቸው፤ አንድ ጣታቸው ተሰብሮ እንደ ጠመመ ቀርቷል። አዲሶቹን ሁለት ሳምንት ኳስ ሳይሰጡ እጃችንን አንሥተን መረቡ ሥር አቆሙን። የኔ ሥራ መከላከል ነው፤ ከማዶ አጥቂዋ ስትመታ ዘልዬ በሁለት እጄ መንገዱን መዝጋት። ኳስ ሲሰጠን ግን አላስችል አለኝ። እኔ ዘልዬ ስወርድ ኳሷ በአናቴ ላይ ታልፋለች። ነባሮቹ «የዘጌ ቡና ሳይፈላ ይገነፍላል» እያሉ ይሥቁብኝ ነበር።

ነገር በልክ ካልሆነ አይገባኝምና፣ ስንት እስክቆጥር ልቆይ ብዬ ጠየቅኋቸው።

«መቁጠሩን ለክፍልሽ ተዪው» አሉኝ። «ክርኗን እዪ። ክርኗ ወደ ኋላ ካልሄደ፣ ምንም ብትዘል ምንም ብትጮህ፣ አንቺ ገና ነሽ።»

ያን ክረምት ያየሁት ክርን ብቻ ነው። ጭቃውን እየዘለልሁ በሐይቁ ዳር ስሄድ የቀዛፊዎችን፣ ቆረሶ ዓሣ እየሰነጠቁ ዘይት ውስጥ የሚጥሉትን ሴቶች ክርን አያለሁ። ማታ በክረምት ትምህርት ላይም መምህሩ ሰሌዳ ላይ የጻፈውን ትቼ ክርኑን ሳይ እገኛለሁ። ተኝቼ እንኳ እግሬ ይፈናጠር ነበር።

ሙከራዬ ሊያልቅ ሲል ከሌላ ከተማ ከመጣ ቡድን ጋር ተጫወትን። ከመግባቴ በፊት እትዬ ወርቄ ጠሩኝ። «ዛሬም ቀድመሽ ከተነሣሽ ሰኞ ወደ ፈረቃሽ ትመለሻለሽ፣ ልጄ። አላታልልሽም» አሉኝ። ፈረቃ ማለት ደብተሬን መዝጋት እንደ ሆነ ያውቃሉ።

የመጨረሻው ዙር ላይ ለማሸነፍ አንድ ነጥብ ቀረን። ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ መረቡን ያርገበግበዋል። አጥቂያቸው ተንደርድራ መጣች። ከኋላዬ ሁሉም ዝለዪ እያሉ ይጮሃሉ። እግሬ ከመሬት አልተላቀቀም። ኳሷ ጆሮዬን ታክካ አለፈች፤ ከመስመሩ ስንዝር ያህል ወጥታ ወደቀች። የመስመር ዳኛው ባንዲራውን ወደ ላይ አነሣ። ነክቻት ቢሆን ነጥቡ የነሱ ነበር።

እትዬ ወርቄ አገጬን ይዘው ዓይን ዓይኔን አዩኝ።

«አየሽው?»

«አየሁት» አልሁ።

ቋሚ ተባልሁ። ሰባት ዓመት ተጫወትሁ፤ አሥራ ሁለተኛን ጨረስሁ፣ መምህርት ሆንሁ።

ይህን ተርኬላት ሰብለ መዝለል እንደሌለብኝ እንዴት እንዳወቅሁ ስትጠይቀኝ፣ ለሰው ተናግሬው የማላውቀውን ነገርኋት። የአጥቂዋን ክርን አላየሁም። ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። ሰኞን ፈርቼ ሳልዘል ቀረሁ እንጂ የጠበቅሁት ነገር አልነበረም።

«እሳቸውስ አላወቁም፣ አክስቴ?»

ይህን እኔም ስንት ዓመት ሳመላልሰው ኖሬያለሁ። ቋሚ በሆንሁ ማግስት እትዬ ወርቄ ምክንያቱን ሳይነግሩኝ፣ ኳስ ሳይሰጡኝ፣ እንደ አዲስ ልጅ ሁለት ሳምንት መረቡ ሥር አቆሙኝ። ያኔ ክፋት መስሎኝ አኩርፌ ነበር።

መምህርት ሳለሁ፣ ሳያውቅ በትክክል የመለሰ ተማሪ ሲያጋጥመኝ ነጥቡን እሰጠው ነበር። በማግስቱ ግን ያንኑ ጥያቄ ደግሜ እጠይቀው ነበር።